ሙሉ ቀን የሚያውል አለባበስ፦ ስኔልቪል ለምትኖሪ እኅቴ

ጆርጂያ ውስጥ ስኔልቪል የምትኖር ሴት በሐምሌ ወር በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት አየር ታልፋለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ወበቁ ይቀበላታል፤ መኪና ውስጥ ኤሲው ፊቷ ላይ ይነፍሳል፤ ሥራ ቦታዋ ወይም ገበያ አዳራሽ ስትገባ ደግሞ ቆዳዋ እስኪኮማተር ይበርዳታል። ከዚያ ልጆች ከትምህርት ቤት ይወሰዳሉ፣ ማታ ልደት ወይም ማኅበር ይጠራል። በመሀል ቤት ገብቶ ልብስ መቀየሪያ ሰዓት የለም። እዚህ ከተማ "ያምርብኛል?" ከማለት በፊት "ያውለኛል?" ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ስኔልቪልና አካባቢው ለምትኖሪው ኢትዮጵያዊት ነው። በጥቂት ልብስ፣ ሰውነትሽንና የቆዳሽን ቀለም አክብረሽ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ሳትጨነቂ ለብሰሽ እንድትወጪ እፈልጋለሁ። ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ በዓል የሚጠብቀው የሐበሻ ልብስሽም ለማክሰኞና ለሐሙስ መውጣት ይችላል፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ፦ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ሳምንትሽን ጻፊ

አንድ ወረቀት ያዢና ከሰኞ እስከ እሑድ የት እንደምትውዪ ጻፊ። ሥራ፣ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ አስቤዛ፣ ቅዳሜ የልጆች ኳስ ጨዋታ ብሪስኮ ፓርክ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ቡና ወይም ለቅሶ መድረስ። ከእያንዳንዱ አጠገብ በዚያ ሰዓት የምትሠሪውን ጻፊ፦ ትቆሚያለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ ልጅ ትሸከሚያለሽ፣ ጫማ ታወልቂያለሽ? ከዚያ ቁም ሣጥንሽን ክፈቺና አመሳክሪ። የብዙዎቻችን ቁም ሣጥን በሰርግ ልብስ ተጨናንቆ ለማክሰኞ የሚሆን አንድ ደህና ሱሪ ይጠፋበታል። መግዛት ያለብሽ የጎደለውን ብቻ ነው።

ስትጽፊ አንድ ነገር ትገነዘቢያለሽ፤ አብዛኛው ውሎሽ መኪና ውስጥ ነው። ስኔልቪል በ2020 ቆጠራ ሃያ ሺህ ያህል ነዋሪ የነበራት ትንሽ ከተማ ብትሆንም በእግር ከሱቅ ሱቅ የሚዞርባት አይደለችም። ኑሮው 78 መንገድና ሲኒክ ሀይዌይ ላይ ነው። በ78 ወደ ምዕራብ ይዘሽ ስትሄጂ ስቶን ማውንቴንን አልፈሽ ወደ ክላርክስተንና ዲካተር፣ ወደ ሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ትደርሻለሽ። ስለዚህ ልብስሽ ቀበቶ ታስሮበት ለግማሽ ሰዓት ተቀምጦ፣ ተነሥቶ ሲቆምም ደህና መምሰል አለበት።

የአየሩንም ጠባይ አስቢ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ቢያቃጥልሽ ጥላ ሥር ስትገቢ ይቀዘቅዝልሻል። ስኔልቪል ግን ከ300 ሜትር ብዙም ከፍ አትልም፤ እርጥበቱ ጥላ ሥርም ይከተልሻል። ሐምሌ ላይ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 90 ፋራናይት፣ ማለትም 32 ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። ጥር ላይ ደግሞ ሌሊቱ ወደ 35 ፋራናይት፣ ወደ 2 ሴልሺየስ ገደማ ይወርዳል። ዝናቡ እንደኛ አገር ክረምት ጠብቆ አይመጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ስለሚዘንብ ስስ የዝናብ ጃኬት ከመኪናሽ አይጥፋ።

ጨርቁን አንብቢ

ልብስ ስታነሺ ከዋጋው በፊት ከጎን ስፌቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ተመልከቺ። ለሰመር ጥጥ፣ ሊነን ወይም ቪስኮስ የሚል ፈልጊ፤ ቪስኮስ አንዳንዴ ሬዮን ተብሎ ይጻፋል። እነዚህ ላብ ይመጥጣሉ፣ አየርም ያስገባሉ። ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር የሆነ ቀሚስ መስቀያው ላይ ሲያዩት ያምራል፤ በስኔልቪል ወበቅ ግን ጀርባ ላይ ይጣበቃል፣ ሽታም ይይዛል። ሊነን ይጨማደዳል፤ ጠባዩ ነው። ብዙ የምትነጂ ከሆነ ሊነንና ቪስኮስ የተቀላቀለበትን ምረጪ፤ ጭምድዱ ለስለስ ይላል።

ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ሁለት ነገር ሞክሪ። ጨርቁን ወደ መብራት ከፍ አድርጊና እጅሽን ከኋላው አስገቢ፤ ጣቶችሽ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ከሆነ ከሥሩ ሌላ ልብስ ይፈልጋል። ቀጥሎ ጫፉን በጡጫሽ ጨብጠሽ ትንሽ ቆይተሽ ልቀቂው፤ የጨበጥሽበት ሁሉ ተሰባብሮ ከቀረ ያ ልብስ መኪና ውስጥ ከተቀመጥሽ በኋላ ምን እንደሚመስል አይተሻል።

ለብርድ ጊዜ አንድ ወፍራም ልብስ ከመግዛት ሦስት ስስ መደረብ ይሻላል፦ ከሥር ጥጥ ቲሸርት፣ ከላይ ስስ ሹራብ፣ ከዚያ ካፖርት። ቤትም መኪናም ማሞቂያው ስለሚበረታ የምታወልቂው ነገር ያስፈልግሻል።

ጽሑፉን ስታነቢ የተሠራበትንም አገር ተመልከቺ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ፋብሪካ ነበረው፤ ፓርኩ የተመረቀው በ2016 ነው። አሜሪካ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ብታቋርጥም፣ ከዚያ በፊት የተሰፋው ልብስ ዛሬም በየሰዉ ቁም ሣጥን አለ። ጉድዊልን በመሳሰሉ የልባሽ መደብሮች ስትዞሪ የአገርሽን ስም የያዘ ሸሚዝ ሊገጥምሽ ይችላል። የሐዋሳ እኅቶቻችን እጅ ነውና ልኩ ከሆነልሽ ሳታነሺው አትለፊ።

ልክ፦ ከሁሉ በላይ ጊዜ የምትሰጪው

ርካሽ ልብስ ልኩ ሲሆን ያምራል፤ ውድ ልብስ ልኩ ሳይሆን ሲቀር ያስጠላል። ቅዳሜሽን ሙሉ ከምትዞሪ ይህንን ክፍል ተግብሪ።

የጂንስን ጉዳይ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ወገቧ ቀጠን፣ ዳሌዋ ሞላ ያለ ሴት ሱሪው ዳሌዋን ካለፈላት ወገቡ ከኋላ አፉን ይከፍታል፤ ጎንበስ ስትል ሸሚዟን ወደ ታች ስትጎትት ትውላለች። መፍትሔው ለዳሌና ለጭን የሚሆነውን ቁጥር ወስዶ ወገቡን ማስጠበብ ነው። ወገቡ ልክ ሆኖ ዳሌው የጠበበ ሱሪ በምንም አይሰፋም። መደብሮች "ከርቪ" ብለው የሚሸጡት አቆራረጥ ወገቡ ከዳሌው አንጻር ጠበብ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ሞክሪ። ረጅም ከሆንሽ "ቶል"፣ አጠር ካልሽ "ፔቲት" የሚል አለ። ፔቲት ቁመትን እንጂ ቅጥነትን አይመለከትም፤ አጭርና ሞላ ያለች ሴትም ይሆናታል። ለዘወትር 98 በመቶ ጥጥና 2 በመቶ ኢላስቴን ያለበት ጂንስ ጥሩ ነው፤ ስትቀመጪ ይለቅልሻል፣ ስትነሺ ይመለሳል።

ለሸሚዝና ለጃኬት ዋናው ትከሻ ነው። የእጅጌው ስፌት የትከሻሽ አጥንት የሚያበቃበት ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። ወገብን ማንም ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል፤ ትከሻን ማስተካከል ግን ሸሚዙን እንደ አዲስ መስፋት ነው። ደረትሽ ሞላ ካለ ለደረትሽ የሚበቃውን ግዢና ጎኑን አስጠብቢ። ቁልፎቹ መሀል ክፍተት የሚፈጥር ሸሚዝ በመርፌ ቁልፍ ተይዞም ምቾት አይሰጥም።

መለኪያ ክፍል ስትገቢ መስታወት ፊት ቆሞ መታየት አይበቃም። መጀመሪያ ተቀመጪ፤ ወገቡ ሆድሽን ከቆረጠው ተዪው። ልጅ እንደምታነሺ ቁጢጥ በዪ፤ ከኋላ ምን እንደሚታይ በስልክሽ እዪ። ሁለት እጅሽን መሪ እንደምትይዢ ወደ ፊት ዘርጊ፤ ጀርባሽ ላይ ከተወጠረ አንድ ቁጥር ጨምሪ። ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ እንደምታወርጂ እጅሽን አንሺ፤ ሆድሽ ከተጋለጠ ቲሸርቱ አጭር ነው። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚህ ያለፈ ልብስ ቤት ገብቶ አይጣልም።

የቁጥሩን ነገር አትፍሪው። አንዱ መደብር ስምንት ያለውን ሌላው አሥራ ሁለት ይለዋል። ቁጥሩን ከአንቺ በቀር የሚያየው የለም፤ የጠበበሽን ልብስ ግን ሁሉም ያየዋል፣ ቀኑን ሙሉ የምትሰቃዪበትም አንቺው ነሽ።

ሱሪ ከማሳጠርሽ በፊት አንዴ አጥበሽ አድርቂው፤ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄጂም ሱሪውን የምትለብሺበትን ጫማ ይዘሽ ሂጂ። ቤታቸው የሚሰፉ ሐበሻ ልብስ ሰፊዎች በአካባቢው አይጠፉም፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዕድር ላይ ብትጠይቂ የሚጠቁምሽ ታገኛለሽ። ሱሪ ለማስጠበብ የምትከፍዪው ገንዘብ አዲስ ሱሪ ከመግዛት ያነሰ ነው።

ቀለም፣ እና ከነጭ ልብስ ሥር የሚለበሰው

ጠይም ሆንሽ ጠቆር ያልሽ ወይም ቀይ፣ ደማቅ ቀለም አትፍሪ። እርድ ቢጫ፣ የሸክላ ቀለም፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ደመቅ ያለ ሰማያዊ የኛን ቆዳ ያፈካዋል። ብዙዎቻችን ላይ የሚደበዝዘው ከቆዳችን ቀለም ጋር የሚቀራረበው ፈዘዝ ያለ ቡናማና ግራጫ ነው፤ እሱን ሱሪ ላይ አድርጊው፣ ፊትሽ አጠገብ ደማቁን አምጪ። የሱቅ መብራት ያታልላልና ልብሱን ወደ መስኮት አቅርበሽ አገጭሽ ሥር ያዢው። ዓይንሽና ጥርስሽ ፍክት ካሉ ቀለሙ ያንቺ ነው።

ከነጭና ከስስ ልብስ ሥር ነጭ የውስጥ ልብስ አይለበስም፤ ጎልቶ የሚታየው ራሱ ነጩ ነው። የሚሰወረው የራስሽን ቆዳ የሚመስለው ቡናማ ነው። ለብዙ ዘመን መደብሮች "የቆዳ ቀለም" ብለው የሚሸጡት የነጮችን ቆዳ ቀለም ብቻ ነበር። አዴ ሀሰን የተባለች ናይጄሪያዊት ብሪታንያዊት በ2014 ኑቢያን ስኪን የተሰኘ ኩባንያ መሥርታ ለጥቁር ሴቶች በየደረጃው ቡናማ የጡት መያዣና ስቶኪንግ ማቅረብ ጀመረች፤ ዛሬ ትላልቅ መደብሮችም በርካታ ቡናማዎች ይዘዋል። ከክንድሽ ይልቅ ከሆድሽ ቆዳ ጋር አስተያዪ፤ ክንድ ፀሐይ ስለሚያገኘው ይጠቁራል። ይህ ምክር ለሐበሻ ቀሚስም ይሠራል፤ ነጭ ሳባ ወይም መነን ቀሚስ ሥር ቡናማ የውስጥ ልብስ ስትለብሺ ጥለቱ ብቻ ይታያል።

አሁን እናልብስሽ

ለሥራና ለትምህርት ቤት ቀን ጠቆር ያለ ቀጥ ያለ ጂንስ፣ በሱሪው ውስጥ የገባ ነጭ ወይም ክሬም ጥጥ ቲሸርት፣ ከላይ ቁልፉ ያልተቆለፈ ሰፋ ያለ ሸሚዝ። ሸሚዙ ኤሲ ሲበርድሽ ይቆለፋል፣ ስትወጪ ይወልቃል፣ ሲሞቅሽ ወገብሽ ላይ ይታሰራል። ነጭ ስኒከር ከሥር። ይህ ለማንም ሴት የሚሆን ነው፤ የኛ የሚያደርገው ትልቅ የወርቅ ወይም የብር ጆሮ ጌጥና በደንብ የተሠራ ሹሩባ ነው።

በወበቅ ቀን ከሱሪ ይልቅ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፋ ያለ የጥጥ ቀሚስ ይቀዘቅዛል፤ ጭን ከጭን ጋር እንዳይፋተግ ከሥሩ አጭር ታይት ልበሺ። በላዩ ላይ የጂንስ ጃኬት ከተደረበ ወደ ቀዝቃዛ አዳራሽ መግባት አያስፈራም። ዲካልብ ፋርመርስ ማርኬት አትክልትና ሥጋ ቤቱ አካባቢ ጃኬት የሌላት ሴት ሽንኩርቱን ሳትመርጥ ነው የምትወጣው።

ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ቀለም የሆነ ቱታ ለመንገድና ለልጆች ጨዋታ ምቹ ነው። ያረጀ የቤት ቱታ እንዳይመስል ሁለት ነገር ጠብቂ፦ ከላይም ከታችም ቀለሙ አንድ ይሁን፣ ጉልበቱ አይወጠር። አንገት ላይ ቀጭን ሀብል፣ ንጹሕ ስኒከር፣ ቅርጽ ያለው ቦርሳ ሲጨመርበት ከጨዋታው በኋላ በቀጥታ ሰው ቤት መግባት ይቻላል።

ሰፊ የሊነን ሱሪ ከጠበብ ያለ ከላይ ልብስ ጋር ይሄዳል። ታችሽ ሰፊ ከሆነ ላይሽ ጠባብ፣ ላይሽ ሰፊ ከሆነ ታችሽ ቀጥ ያለ ይሁን። ሁለቱም ሲሰፉ ወገብ ይጠፋል፤ ሁለቱም ሲጠቡ ደግሞ በስኔልቪል ሐምሌ አይቻልም።

ወደ ነጠላ እንምጣ፤ እኔ በጣም የምወደው ይህንን ክፍል ነው። ነጠላ በዓለም ላይ ካሉ ሻርፖች ሁሉ ለዚህ አየር የሚስማማ ይመስለኛል፦ በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ስስ፣ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ኤሲ ሲበረታ ትከሻ የሚሸፍን። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ስትመሠርት ያየችው ይህንኑ ነው። የአዲስ አበባ ሸማኔዎች የሠሩትን ስስ ጥጥ ለዘወትርና ለባሕር ዳርቻ የሚለበስ ቀሚስ አድርጋ ለዓለም ሸጠችው። እኛ ነጠላው ቤታችን ሞልቶ ለፋሲካ ብቻ የምናወጣው ለምንድን ነው?

አለባበሱ እንዲህ ነው። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቲሸርትና ጂንስ ልበሺ። ነጠላውን ለሁለት በቁመቱ እጠፊ፣ እንደገና ለሁለት እጠፊ፤ ጥለቱ በሁለቱም ጫፍ እኩል እንዲወርድ አንገትሽ ላይ ጣዪው። አንዱን ጫፍ በትከሻሽ ወደ ኋላ መልሺና ሌላውን ከፊት ተዪው። የጥለቱን አንድ ቀለም ምረጪና ጆሮ ጌጥሽ ወይም ቦርሳሽ ላይ ድገሚው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ወጥ ይሁን። አበባ ባለበት ወይም ባለ መስመር ሸሚዝ ላይ ጥለት አይደረብም፤ ይጣላሉ። ዘርፉ መኪና በር ላይ እንዳይያዝ ስትገቢ ሰብስቢው።

ግን አስተጣጠፉን ጠንቅቂ። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ የሚለበሰው፣ አዘቅዝቆ መልበስ የምንለው፣ የኀዘን ነው፤ ሳታስቢው እንዲህ አድርገሽ ገበያ ብትወጪ እናቶች "ማን ሞተባት?" ብለው ይደነግጣሉ። በመስቀል ምልክት ማጣፋት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነው። አንገት ላይ እንደ ሻርፕ መጣል ከሁለቱም ጋር አይጋጭም። እሑድ ከቅዳሴ ወደ ሰው ቤት የምትሄጂ ከሆነ ያው ነጠላ ሁለቱንም ይሠራል፤ ረጅም ጥጥ ቀሚስሽ ላይ አጣፍተሽ ገብተሽ፣ ወጥተሽ አንገትሽ ላይ ታወርጂዋለሽ።

ጫማ

አንድ ንጹሕ ስኒከር፣ አንድ ጠፍጣፋ ሰንደል፣ አንድ አጭር ቦት ለዓመቱ ይበቃሉ። ስኒከር ከሰዓት ብቻ ሞክሪ፤ እግር ቀኑን ሲውል ያብጣል። ስቶን ማውንቴንን በእግር የምትወጪ ከሆነ፣ መንገዱ ወደ ላይ አንድ ማይል ያህል ነው፣ አናቱ ላይ ልሙጥ ድንጋይ ስለሆነ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያንሸራትታል፤ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ይብሳል። የኛ ሰው የመኪና ጎማ ሶል ምን ያህል እንደሚይዝ ከበረባሶ ጀምሮ ያውቃል። ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ኩባንያ ስትጀምር ይህንኑ ዕውቀት ይዛ ነው ለዓለም ገበያ ያቀረበችው።

ፀጉርና ቆዳ

ፀጉርሽን በተሠራሽበት ቀን በጭንቅላት የሚጠለቅ ጠባብ አንገት ያለው ልብስ አትልበሺ፤ ቁልፍ ወይም ዚፕ ያለውን ምረጪ። የሱፍና የጥጥ ኮፍያ ፀጉራችንን ያደርቃል፣ ይሰብራልም፤ ውስጡ ሳቲን የተገጠመለት ፈልጊ ወይም ሳቲን ሻሽ ከሥር እሰሪ። በማሞቂያ ወራት እግርና ክንድ ቶሎ ይነጣል። ከታጠብሽ በኋላ ቆዳሽ ሳይደርቅ ተቀቢ፤ ልብስ ከመልበስሽ በፊት ግን ጥቂት ደቂቃ ታገሺ፤ ቅባት የጠጣ የሸሚዝ አንገት በቀላሉ አይለቅም።

ሰው ቤት ስትጠሪ

እዚህ አገር ያለ የሐበሻ ቤት በር ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ስለዚህ ማሰሪያው የማያስቸግር ጫማና ያልተቀደደ ካልሲ አድርጊ። ሱሪሽ ለባለ ተረከዝ ጫማ የተቆረጠ ከሆነ ጫማ ስታወልቂ ወለል ይጠርጋል። ቡና ላይ ዝቅ ያለ በርጩማ ስለሚጠብቅሽ ጠባብ አጭር ጉርድ አይመከርም፤ ከጉልበት በታች ዘርፈጥ የሚል ይሻላል። እጀ ሰፊ ልብስ ወጡን ይነካል፤ ወደ ላይ የሚጠቀለል እጅጌ ምረጪ።

የቁሌትና የዕጣን ሽታ ሹራብና ካፖርት ላይ ይሰነብታል። ገና ስትገቢ ካፖርትሽን መኝታ ቤት እንዲያስቀምጡልሽ ጠይቂ። ቤትሽ ስታበስዪ ደግሞ የነገ ልብስሽ ያለበትን ክፍል በር ዝጊ፤ ሽንኩርቱ የቱንም ያህል ጊዜ ቢፈጅ ልብስሽ ይተርፋል።

የሐበሻ ልብስ ስታጥቢና ስታሰፊ

በእጅ የተሸመነ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይግባ፤ ይሰበሰባል፣ ጥለቱም ይጨማደዳል። መጀመሪያ የጥለቱን ጀርባ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጊ፤ ቀለም ከለቀቀ ራሱን ብቻ እጠቢው። በቀዝቃዛ ውኃና በለዘበ ሳሙና በእጅሽ እጠቢ፣ አትጠምዝዢው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ውኃውን አስመጥጪና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስጪው። ክሎሪን አታስጠጊው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ውጭ አታስጪ፤ የጆርጂያ ጥድ ቢጫ ብናኝ መኪናውን ሁሉ የሚሸፍንበት ጊዜ ነው፣ ነጭ ፈትል ላይ ያረፈውን ማንሣት አድካሚ ነው።

አገር ቤት ሰው ካለሽ ከሽሮ ሜዳ ሙሉ ቀሚስ ከማዘዝ ይልቅ እስከ ዳሌ የሚደርስ አጭር የፈትል ሸሚዝ አዝዢ፤ ጥለቱ አንገትና እጅጌ ላይ ብቻ ይሁን። ከጂንስም ከሊነን ሱሪም ጋር ይሄዳል፣ ሥራ ቦታም ይለበሳል። "መካከለኛ" ወይም "ኤል" ብለሽ አትላኪ። በሴንቲ ሜትር ለኪና ጽፈሽ ላኪ፦ የትከሻ ስፋት፣ ደረት በሞላበት፣ ወገብ፣ ዳሌ በሞላበት፣ ከትከሻ እስከ ፈለግሽው ቁመት፣ የእጅጌ ርዝመት፣ የክንድ ውፍረት። ስትለኪ የምትለብሺውን ጡት መያዣ አድርጊ፣ ሜትሩንም አታጥብቂው። ልብስ ሰፊው በየጎኑ ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ እንዲተውልሽ ንገሪው፤ ፈትል ሲታጠብ ቢሰበሰብ ወይም አንቺ ትንሽ ብትወፍሪ እዚሁ ያለ ልብስ ሰፊ ፈትቶ ያሰፋልሻል።